ሲግማ 100-400ን ስምንት ወር በጣና ላይ፦ ለወፍም ለአውሮፕላንም በአቅማችን የሚሆን ሌንስ

መልሱን ከፊት ልንገራችሁ። የካኖን ወይም የናይከን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ) ካላችሁ፣ ወፍም አውሮፕላንም ማንሳት ከፈለጋችሁ፣ ኪሳችሁ ደግሞ እንደ እኔ ኪስ ከሆነ፣ ያገለገለ ሲግማ 100-400 ኮንቴምፖራሪ ፈልጋችሁ ግዙ። ቁጥሩ ሌንሱ ከስንት እስከ ስንት ሚሜ ዙም እንደሚያደርግ ነው፣ ሚሜው በጨመረ ቁጥር ሩቁን የበለጠ ያቀርባል። እሱ ካልተቻለ 55-250 ግዙና ተጠጉ። 600 ሚሜ ካላገኘሁ ብላችሁ ሁለት ሦስት ዓመት አትጠብቁ።

ይህን የምለው ሌንሱን ከመስከረም ጀምሮ ይዤው ስለዞርኩ ነው። እንጀራዬ ሠርግና ምርቃት ነው። ልቤ ግን ሐይቁ ላይ ነው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ያኔ ካሜራዬ ከአዳራሽ አይወጣም። ዓቢይ ጾም ሲገባ ግን ሠርግ ይቆማል፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ጣና ላይ ነኝ። ካሜራዬ ካኖን 80ዲ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ካሜራ፣ በጀልባ፣ በደንገል ታንኳና በእግር የሞከርኩት ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ጉማሬ አለ። ዓሣ በል ንስር አለ፣ ድምፁን ከሩቅ ትሰሙታላችሁ። ፔሊካኖች ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያወጡ ዙሪያቸውን ይከባሉ። ነጭና ጥቁሯ ኪንግፊሸር ውሃው ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ዓሣ ታያለች፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። ዘጌ ጫካ ውስጥ ትልልቅ ምንቃር ያላቸው ሆርንቢሎችና ጦጣዎች ሞልተዋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎች ይመጣሉ፣ ወደ ፎገራ ረግረግ ከወጣችሁ ክሬኖቹን ታገኛላችሁ። ከላይ ደግሞ አውሮፕላኑ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 እና ቦይንግ 737 ከተማውን አቋርጠው ወይም በሐይቁ ላይ ዞረው ይገባሉ። አንድ ሌንስ ይህን ሁሉ እንዲሠራልን ነው የምንፈልገው።

በፊት የነበረኝ ከካሜራ ጋር በጥቅል የሚሸጥ ርካሽ 75-300 ነበር። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ነገር የለውም። 300 ላይ ሲደርስ ደግሞ የወፉ ላባ ሁሉ ጥጥ ይመስላል። ፎቶዬ ለምን እንደ ሌሎቹ አልሆነም እያልኩ ሁለት ዓመት በራሴ እጅ ሳማርር ነበር፣ ለካ እጄ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዋጋ አካባቢ የምትፈልጉ ከሆነ እሱን ትታችሁ የካኖንን 55-250 ኤስቲኤም ውሰዱ። 375 ግራም ብቻ ነው። ማረጋጊያ አለው፣ ፎከሱ ፈጣንና ድምፅ አልባ ነው፣ ፎቶው ጥርት ያለ ነው። የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፣ እሱን በጥንቃቄ መያዝ ነው። ለተማሪ ወይም ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ፣ ስንት ሚሜ ይበቃል?

ሰው ይህን በስሜት ነው የሚመልሰው። እኔ በቁጥር ልመልሰው። እንደ 80ዲ ባለ ካሜራ ውስጥ ያለው ሴንሰር፣ ማለት ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ቁመቱ 15 ሚሜ፣ ወርዱ 22 ሚሜ ገደማ ነው። ዓሣ በል ንስር ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። 30 ሜትር ርቆ ግንድ ላይ ቢቀመጥ፣ በ250 ሚሜ ሌንስ ሴንሰሩ ላይ 6 ሚሜ ገደማ ይይዛል። በ400 ከ9 ሚሜ በላይ ይይዛል። በ600 ደግሞ 14 ሚሜ፣ ማለት ፍሬሙን ከላይ እስከ ታች ሊሞላ ነው፣ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ክንፉ ይቆረጣል። ስለዚህ ለንስር 400 ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ ትንንሾቹ ላይ ነው። ኪንግፊሸሯ 25 ሴንቲ ሜትር ናት። 15 ሜትር ላይ ብትሆን በ600 ሚሜ 10 ሚሜ ትይዛለች፣ በ400 ግን 7 እንኳ አትሞላም። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ በ400 ሚሜ 10 ሜትር ድረስ ብትጠጉ ያው 10 ሚሜ ይሆናል። አምስት ሜትር መጠጋት 200 ሚሜ ከመግዛት ጋር እኩል ነው። አምስት ሜትር በታንኳ ሦስት አራት ጊዜ መቅዘፍ ነው።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ደብረ ማርያም አጠገብ በታንኳቸው የሚያሻግሩኝ አንድ አዛውንት አሉ። መጀመሪያ ሰሞን «ጋሼ፣ ቶሎ ይጠጉልኝ፣ ልትበር ነው» እላቸው ነበር። እሳቸው ቀዘፋቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ አትቸኩል። እሷ እኛን ከለመደችን አትሄድም» አሉኝ። ታንኳው በራሱ ጊዜ ወደ ደንገሉ ተንሳፈፈ። ወፏ ከስምንት ሜትር ላይ ዓሣዋን ግንዱ ላይ እየደበደበች ስትውጥ አነሳኋት። ሞተር ባለው ጀልባ ይህ አይሆንም፣ ሞተሩ ሲጠፋ እንኳ ማዕበሉ ይቀድማችኋል።

ጉማሬ ግን ሌላ ነው። ለጉማሬ አትጠጉ፣ ጀልባ ነጂውንም ገንዘብ ጨምሬ ልስጥህና ተጠጋ አትበሉት። እዚያ ላይ ነው ሌንሱ እግራችሁን የሚተካው። 50 ሜትር ርቃችሁ አፉን ሲከፍት 400 ሚሜ ከግማሽ ፍሬም በላይ ይሞላላችኋል፣ ይበቃል።

«ታዲያ ለምን 150-600 አትገዛም?» የሚለኝ ብዙ ነው። ሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አውሶኝ ሦስት ሳምንት ተጠቅሜበታለሁ። ጥሩ ሌንስ ነው፣ አላጣጥለውም። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ትራይፖድ ተክላችሁ ወደ ዓባይ የምታዩ ከሆነ፣ ወይም ከባሕር ዳርቻው ሳትነሱ ትንንሽ ወፍ ብቻ የምታነሱ ከሆነ፣ እሱን ግዙ። ግን ክብደቱ 1930 ግራም ነው። ካሜራው ሲጨመርበት ከሁለት ኪሎ ተኩል ይበልጣል። ጀልባ ላይ ትራይፖድ አይሠራም፣ የሞተሩ ንዝረት በእግሮቹ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ይወጣል። ስለዚህ በእጅ ነው። በእጅ ደግሞ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትከሻዬ ሲዝል ወፉ በሚነሳባት ሰኮንድ ሌንሱ ጉልበቴ ላይ ይገኛል። 100-400ው 1160 ግራም ነው። ይህ ልዩነት ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ሦስት ሰዓት ታንኳ ላይ ተቀምጣችሁ ግን ፎቶ አገኘሁ አላገኘሁ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

ሌላም አለ፣ አየሩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ውሃው ላይና አስፋልቱ ላይ ሙቀት ይነሳል። አየሩ እንደ ፈላ ውሃ ይርገበገባል። ረጅም ሌንስ ወፉን ብቻ ሳይሆን ያንን አየርም አጉልቶ ያመጣዋል። በ600 ሚሜ ከሩቅ ያነሳኋቸው የእኩለ ቀን ፎቶዎች ሁሉ ፎከስ የሳቱ ይመስላሉ፣ አንዳቸውም ግን ፎከስ አልሳቱም። የፈለጋችሁትን ያህል ብር ብታወጡ ይህን የሚያስተካክል ሌንስ የለም። መፍትሔው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ላይ መገኘትና መጠጋት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል።

ከ100-400ው ጋር ያፎካከርኩት ሌላው የካኖን 400 ሚሜ ኤፍ 5.6 ኤል ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ አሮጌ ሌንስ ነው፣ ዙም የለውም። ለሚበር ወፍ እስከ ዛሬ የሚወዱት ብዙ ናቸው፣ ጥርትነቱም ፎከሱም ድንቅ ነው። ለንስር ብቻ ብገዛ ኖሮ እሱን እገዛ ነበር። ግን ማረጋጊያ የለውም። ጠዋት ብርሃኑ ሳይጠነክር ጉማሬ ለማንሳት በ1/200 ሰኮንድ የመዝጊያ ፍጥነት እሠራለሁ፣ ያኔ ማረጋጊያ ያስፈልገኛል። አውሮፕላን ደግሞ ያለ ዙም አስቸጋሪ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አውሮፕላን ትልቅ ነገር ነው። ኪው 400 ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ በጎኑ ሲያልፍ በ400 ሚሜ 13 ሚሜ ይይዛል፣ የፍሬሙን ወርድ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ፍሬሙ ውስጥ አይገባም። በዚያ ፍጥነት ከ400 ወደ 200 መመለስ አለባችሁ። ሲግማው ቀለበቱን ሳታዞሩ የፊቱን መከለያ ይዛችሁ ወደ ኋላ ስትስቡትም ዙም ያደርጋል። እኔ አውሮፕላን የማነሳው ሁሌም እንደዚያ ነው። በነገራችን ላይ ለአውሮፕላን ብቻ ከሆነ 55-250ውም ያሠራል፣ ከወፍ ይልቅ አውሮፕላን አጭር ሌንስ ይበቃዋል፣ ሰው ግን በተቃራኒው ያስባል።

ፕሮፔለሩ ላይ ብዙ ጓደኞቼ ይሳሳታሉ። ለወፍ የለመዱትን 1/2000 ሰኮንድ ይዘው ኪው 400ን ያነሱታል። ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሞተሩ ሰማይ ላይ የጠፋ ይመስላል። የኪው 400 ፕሮፔለር ስድስት ምላጭ አለው፣ ሲነሳ በደቂቃ እስከ 1020 ጊዜ ይዞራል። ያንን አስሉት፣ በሰኮንድ 17 ዙር ነው። አንዱ ምላጭ የሚቀጥለው የነበረበት ቦታ ለመድረስ የአንድ ሰኮንድ መቶኛ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በ1/100 ሰኮንድ ሙሉ ክብ ይሆንላችኋል፣ በ1/160 ደግሞ ደስ የሚል ግማሽ ብዥታ ታገኛላችሁ። እኔ 1/160 ላይ እሠራለሁ። በዚህ ፍጥነት አውሮፕላኑን እየተከተላችሁ ወገባችሁን ማዞር አለባችሁ። ሌንሱ ጎን ላይ ያለውን የማረጋጊያ ማብሪያ ሁለተኛው ላይ አድርጉት፣ ወደ ጎን የምታዞሩትን ትቶ ላይና ታች ያለውን ብቻ ያረጋጋል። መጀመሪያ ላይ ከአሥር አንድ ብትሳካ አትዘኑ። አሁን ከአራት አንድ ይሳካልኛል። 737 ሲሆን ፕሮፔለር ስለሌለው 1/1000 ላይ ትመለሳላችሁ።

አንድ ነገር በቁም ነገር ልበል። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር አጠገብ በረጅም ሌንስ አትቁሙ። ያለ ፈቃድ እዚያ ካሜራ ማውጣት ለራሳችሁም ለጥበቃዎቹም ችግር ነው። እኔ የማነሳው አውሮፕላኑ ከማረፊያው ርቆ በሐይቁ ላይ ሲያልፍ ነው፣ ከፊቱ ደንገልና ታንኳ ስለሚገባ ፎቶውም ያምራል። ጥበቃ ወይም ፖሊስ ከጠየቃችሁ ስክሪኑን አሳዩ፣ በትህትና አስረዱ፣ «አቁም» ካሉ አቁሙ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይም መጀመሪያ ጠይቃችሁ ነው።

አሁን የሌንሱን ጉድለት ልናገር። ኤፍ ቁጥሩ (ሲጨምር ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል) 100 ላይ 5 ነው፣ 400 ላይ ግን 6.3 ይሆናል። ይህ ጠዋትና ማታ ይሰማል። ንስር ሲበር በ1/2000 ለማንሳት ገና ፀሐይ ስትወጣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ወይም 3200 ያስፈልጋል፣ 80ዲ ላይ ደግሞ 3200 ላይ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይታያል። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱና በኋላ አጽዱት። ዝናብ መከላከያው ከካሜራው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለች ላስቲክ ብቻ ናት። ጀልባው ውሃ ሲረጭ ፎጣ ያስፈልጋል፣ እኔ ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ። የትራይፖድ ማሰሪያ ቀለበት የለውም፣ ትራይፖድ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ ካሜራው ላይ ያርፋል። ዙሙ ሲረዝም ወደ ፊት ይወጣል፣ ዘጌ መንገድ ላይ ባለው አቧራ እንደዚያ ዘርግታችሁ አትዙሩ። ጎኑ ላይ የፎከስ መገደቢያ ማብሪያ አለ። 6 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚለው ላይ አድርጉት፣ ያን ጊዜ ፎከሱ ወደ ቅርብ እየሄደ ጊዜ አያባክንም። ይህን ሳላውቅ አንድ ወር ተቃጥያለሁ።

ቴሌኮንቨርተር (በካሜራውና በሌንሱ መካከል ገብቶ የሚያጎላ) ጨምሬበት 560 ላድርገው የምትሉ ካላችሁ ተዉት። ባለ 1.4ቱ ሲጨመር 6.3ቱ 9 ይሆናል። ብዙዎቹ ዲኤስኤልአሮች እዚያ ላይ ፎከስ ማድረግ ያቅታቸዋል። ከዚያ ይልቅ ክሮፕ አድርጉ። የ80ዲ ፎቶ 6000 በ4000 ነው። ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ብትቆርጡት 3000 በ2000 ይቀራል፣ ለኤ 4 ወረቀት ያምራል።

ስለ ዋጋ በብር አልጽፍም። የምንዛሬው አሠራር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ የካሜራ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ዛሬ ብጽፈው ለሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል። ሲግማው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 799 ዶላር ነበር፣ ያገለገለውን ከዚያ ጋር እያስተያያችሁ ተከራከሩ። ወንድም እህት ከውጭ የሚመጣላችሁ ከሆነ እሱ ይሻላል።

ያገለገለ ስትገዙ ግን ራሳችሁ ሂዱ። እኔ መጀመሪያ በደላላ በኩል አዲስ አበባ ካለ ሻጭ አንድ ሌንስ በስልክ ተስማምቼ፣ ገንዘቡን ልኬ፣ በአውቶቡስ አስመጥቻለሁ። ፎቶው ላይ አዲስ ይመስላል። ሳጥኑን ከፍቼ በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ ሳይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ መስታወቱ ላይ ተዘርግቷል። ሻጩ ስልኬን ማንሳት አቆመ። ደላላውም «እኔ ምን ላድርግህ ወንድሜ» አለኝ። የሦስት ሠርግ ገንዘብ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ካሜራችሁን ይዛችሁ፣ በቀን ብርሃን ተገናኙ። የስልክ መብራት ከኋላ በኩል አብሩና ከፊት ተመልከቱ። ድር፣ ጭጋግ፣ ዘይት ካያችሁ ዋጋውን አትከራከሩ፣ ሂዱ። ትንሽ አቧራ ችግር የለውም። ከዚያ ጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙና በ400 ሚሜ አንድ አንሱ። አራቱን ማዕዘን አጉልታችሁ እዩ። አንዱ ማዕዘን ጥርት ብሎ ሌላው የደበዘዘ ከሆነ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል። ማረጋጊያውን አብርታችሁ በካሜራው መመልከቻ ስታዩ ምስሉ ረጋ ማለት አለበት፣ ቢዘል ወይም ቢንኳኳ ተበላሽቷል። ከዚያ መንገድ ወጥታችሁ ወደ እናንተ የሚመጣ ባጃጅ በተከታታይ ፎከስ አንሱ። ከአሥሩ ሰባቱ ከጠሩ ደህና ነው።

ናይከን ያላችሁ ይኸው ሲግማ በናይከን መግጠሚያም አለ። የናይከን 200-500 ኤፍ 5.6ም ግሩም ነው፣ ግን 2300 ግራም ነው፣ ስለ ክብደት ያልኩት ሁሉ እሱም ላይ ይሠራል። በ3000ዎቹና በ5000ዎቹ ተርታ ያሉት የናይከን ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፣ ስለዚህ ርካሽ ነው ተብሎ የሚሸጥላችሁ የድሮ ኤኤፍ-ዲ ሌንስ በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግም። ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካኖን ያላችሁ ደግሞ አርኤፍ 100-400ን እዩ፣ 635 ግራም ብቻ ነው፣ ታንኳ ላይ የሚያስቀና ነው። 400 ላይ ኤፍ 8 ስለሆነ ግን ፀሐይ በደንብ እስክትወጣ መጠበቅ አለ።

ክረምቱ እየመጣ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ይረጥባል፣ ሻጋታም የሚበቅለው ያኔ ነው። ሌንሱን ቆዳ ቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አትተዉት። እኔ ክዳኑ ጥብቅ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ አዲስ ጫማ ውስጥ ከሚመጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አሥር ያህል ጨምሬ አስቀምጠዋለሁ። በሳምንት አንድ ጠዋት አውጥቼ ዙሙን ዘርግቼ በረንዳ ላይ ብርሃን አሳየዋለሁ።